ከሎሚዎቹ ጋር ምሳ

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ቶሮንቶ ውስጥ አንድ ጥንታዊ ቪላ ግቢ ተቀጥሬ ነበር። ብርዱ ሲመጣ በበርሜል የተተከሉት የሎሚና የብርቱካን ዛፎች ወደ መስታወት ቤቱ ይገባሉ፤ በረዶው እስኪያልቅ ማሞቂያውንና እነሱን የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ከምኖርበት ከጄን ኤንድ ፊንች ሰፈር በሁለት ባስ እመጣለሁ፤ ለሹፌሩ «ሞርኒንግ» ካልኩ በኋላ እስከ ማታ የማናግረው ሰው የለም።

ምሳ ዕቃዬን ስከፍት ግን «እንብላ» እላለሁ። ሰው እንደሌለ ጠፍቶኝ አይደለም። እንብላ ሳይሉ መጉረስ ስርቆት ይመስለኛል፣ ምን ላድርግ።

አንድ ቀን እንዲሁ ብዬ ቀና ስል፣ የግቢው ዋና አትክልተኛ በሩ ላይ ቆመዋል። ፖርቹጋላዊ ሽማግሌ ናቸው። ዛፎቹን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ፈገግ ብለው በእንግሊዝኛ «እኔም አዋራቸዋለሁ» አሉኝ። «‹እንብላ› ለዛፎቹ ሳይሆን ለተገኘ ሰው ሁሉ የሚባል ነው፣ ለእርስዎም ነው፣ ይቀመጡ» ልላቸው ፈለግሁ። እንግሊዝኛውን እስካገኘው፣ እንግዳ ያለበትን ቤት እንደሚዘጋ ሰው በሩን ቀስ አድርገው ዘግተው ሄዱ።

ደግ ሰው ነበሩ። በማግስቱ፣ በምሳ ሰዓት ማንም ገብቶ እንዳይረብሸኝ ለሠራተኛው ሁሉ ነገሩልኝ።