ቤታችን ውስጥ የተከለከለው ቁጣ

ሰባት ዓመቴ ላይ የሚጥል በሽታ ሲጀምረኝ ሐኪሙ መድኃኒቱን ጻፈልኝና ወላጆቼን «አታስጨንቋት» አላቸው። የእኔ ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር ከያዙ ያዙ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮልፌ ያለው ቤታችን ውስጥ ቁጣ ተከለከለ።

እናትና አባቴ የሚጣሉት ፈገግ እያሉ ነበር። እናቴ ወጥ እየጨለፈች፣ እንግዳ በምታስተናግድበት ድምፅ፣ እንደ እሱ ያለ ግትር ሰው አይታ እንደማታውቅ ትነግረዋለች። አባቴም እየሳቀ ነገረኛ መሆኗን ይነግራታል። ታላቅ ወንድሜ ሲያጠፋ እኔ እንዳልሰማ አየር ጤና ፌርማታ ድረስ ወስደው ነበር የሚቆጡት፤ የታክሲ ረዳቶቹ ሳይቀሩ ጥፋቱን በቃላቸው ያውቁት ነበር። ኳስ እያዩ ጎል ሲገባ ትራስ ነክሰው ይጮኻሉ።

እኔ ብርጭቆ ስሰብር «እሰይ፣ ያረጀ ነበር» እባላለሁ። በዚህ የተነሳ አስተማሪ ሲጮህብኝ የምሆነው ጠፍቶኝ እስቅና ከክፍል እባረር ነበር። ሳድግ ነገሩ መረረኝ። ወንድሜን የሚቆጡት ይችላል ብለው ነው፤ እኔን ትችላለች ያለኝ ሰው የለም። አንድ ቀን እንኳን በወጉ ቢቆጡኝ ብዬ እመኝ ነበር።

ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ እናቴ ዶሮ ወጡን አደራ ብላኝ ጎረቤት ሄደች። እኔ ስልክ ላይ ተጥጄ ወጡ አረረ። ሽታው ጠርቷት መጣችና ክዳኑን ከፈተች። ያ ሁሉ ጾም ተጹሞ። ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ፈገግ አለች።

«ምንም አይደል የኔ እናት። ትንሽ ጭስ ጭስ ቢል ነው።»

አባቴና ወንድሜ በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። አባቴ ክብሪቱን ይዟል፤ ስወድቅ ጭሱን ሊያሸተኝ። ጭሱ እንደማይጠቅም ሐኪሙ ስንት ጊዜ ነግሮታል፤ ክብሪቱ ግን ከኪሱ ጠፍቶ አያውቅም።

«እማዬ፣ ተቆጪኝ» አልኳት።

«መድኃኒትሽን ወስደሻል?»

«ጠዋት ወስጃለሁ።»

«እንቅልፍስ?»

«ጠግቤ ተኝቻለሁ።»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ከዚያ የአሥራ አምስት ዓመት ቁጣ ወጣ። ከዶሮው ጀመረች፣ ወደ ስልኬ አለፈች፣ ያላነጠፍኩትን አልጋ ሁሉ አነሳች፣ ያረጀ ነበር የተባለውም ብርጭቆ ለካ አዲስ ነበር። ጎረቤታችን ማን ሞተ ብላ በአጥሩ ብቅ አለች። ከደስታዬ ብዛት ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ያየው አባቴ ክብሪቱን ከፈተ፤ ደህና ነኝ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት።

እናቴ ትንፋሽ ሲያጥራት ጠረጴዛውን ተደግፋ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ቆመሻል አይደል?» አለችኝ።

«ቆሜያለሁ።»

«እንግዲያው አልጨረስኩም።»