እታገኝና ሠላሳ ስድስቱ ሲዲዎች

እታገኝ ሲዲ እያጠበች ነው። ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አድርጋ የገላ ሳሙና አሟሙታበታለች። እያንዳንዱን ሲዲ በሁለት ጣቷ ጠርዙንና የመሐል ቀዳዳውን ይዛ ትነክረዋለች። ከዚያ ካረጀ ነጠላ በቀደደችው ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር፣ ከመሐል ወደ ዳር ታብሰዋለች። ክብ እያዞሩ ማበስ ይቧጭረዋል። የናይለን ገመድ ያሻከረው ቀዳዳ ላይ ስትደርስ እጇ ይቆማል፤ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ደግሞ ትቀጥላለች። ይህ ሃያኛው ነው።

ጎረቤቴ ከሆነች ሠላሳ ዓመት አልፏታል፤ እንዲህ ተናዳ ግን አይቻት አላውቅም። በእግር መኪና የካህናት ልብስ ትሰፋለች፤ የጥላ ዘርፍ ትጠግናለች። ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣለች። ልጅ ሳለች አቋቋም ለሚማረው ወንድሟ ስንቅ እያደረሰች፣ ሴት አትገባምና ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ስታዳምጥ ትውል ነበር። አንዱ ዜማ መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ከበሮ የለበትም፣ ዝግ ያለ ነው። ቀጥሎ በዝማሜ፣ መቋሚያ እየተወዛወዘ። ከበሮው ሲገባ መረግድ ነው። መጨረሻ ላይ ፈጠን ብሎ፣ በጭብጨባ የሚባለው ጽፋት ነው። እታገኝ እነዚህን ስትለይ ሰው ጤፍን ከዳጉሳ እንደሚለየው ነው።

የደብራችን መሪጌታ ይሥሐቅ ከማረፋቸው በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፃቸው ተቀድቶ ነበር። ከመስቀል እስከ ፍልሰታ የዘጠኝ በዓል ዜማ፣ ለእያንዳንዱ በዓል አራት ሲዲ፣ በድምሩ ሠላሳ ስድስት። እታገኝ ለሁሉም ከካባ ገበር ትራፊ ኪስ ሰፋችላቸው። የቁሙን ጠርዝ በነጭ ክር፣ የዝማሜውን በአረንጓዴ፣ የመረግዱን በቀይ፣ የጽፋቱን በቢጫ ዘመዘመችው። መሪጌታ ያንን አገላብጠው አይተው፣ "ቁሙን ጠብቂልኝ። ቁሙን የያዘ ሌላውን አያጣውም" አሏት። እሺ አለች። ሌላ ሰው አደራ አልተሰጠውም፤ እሷ ብቻ ናት።

ሲዲውን መተው ግድ መሆኑን እሷም አልካደችም። በአምስት ዓመት ሦስት ማጫወቻ ተበላሸ። ሌንሱ ሲደክም መለዋወጫ የለም፤ የወረዳችን ከተማ የሞላሌ ሱቆችም ፍላሽና ሚሞሪ እንጂ ሲዲ መሸጥ ከተዉ ቆይተዋል። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ሲያገኝ ጸሐፊው ምስክር ሁሉንም ወደ ፍላሽ አዛውረዋለሁ አለ። ኪሶቹን ቆጥራ፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ ያስረከበችው ራሷ እታገኝ ናት።

ምስክር ክፉ ሰው አይደለም፤ ችኩል ነው። የክሩን ቀለም ምንነት አልጠየቀም። ለአራቱም ሲዲ የበዓሉን ስም ብቻ ጻፈ። ኮምፒዩተሩ በዚህ ስም ሌላ አለ፣ ይተካ ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ ይተካ አለ። ሃያ ሰባት ጊዜ ተጠየቀ፤ ሃያ ሰባት ጊዜ ይተካ አለ። ከየበዓሉ የተረፈው መጨረሻ የገባው ጽፋት ብቻ ነው። ከዚያ ኪሶቹን አውልቆ ሲዲዎቹን የደብሩን መሬት ለሚያርሰው ለወዳጆ ሰጠው፤ ገብሱ እሸት ይዟልና ጭላዳና ወፍ እንዲያባርርባቸው።

ይህ የታወቀው በጽጌ የመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። የአቋቋም ተማሪዎቹ ማታ ለማኅሌት ከመቆማቸው በፊት የጽጌን ቁም ከመሪጌታ አፍ ሊሰሙ ተሰብስበው ነበር። እታገኝ ፍላሹን ሰካች። የመጀመሪያው ድምፅ ከበሮ ሆነ። የጥምቀትን ከፈተች፤ ከበሮና ጭብጨባ። የልደትን ከፈተች፤ ያው ነው። ዘጠኙንም ከፍታ ስትጨርስ ፍላሹን ነቀለች። ምስክርን አስጠራችው።

"እትዬ እታገኝ፣ አራቱም እኮ አንድ ነገር ናቸው" አላት። "አንዱን አራት ጊዜ ምን ያደርግልናል? ቦታ መያዝ ነው።"

"ሰምተሃቸዋል?"

"ስማቸውን አይቻለሁ።"

"ሰምተሃቸዋል ወይ ነው ያልኩህ።"

ምስክር ሳቅ አለና፣ ስለ ማኅሌት ደግሞ ሴቶች ያስተምሩን ጀመር እንዴ፣ ብሎ ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ዝም በማለቴ ዛሬም ራሴን እቆጣለሁ።

በነጋታው ከቅዳሴ በኋላ እታገኝ ሲዲዎቹ ያሉበትን ጠይቃ ወደ ወዳጆ ማሳ ወረደች። ሲዲዎቹ ከእንጨት እንጨት በተወጠረ ገመድ ላይ በነፋሱ እየተጋጩ ያብለጨልጫሉ። ወዳጆ ነገሩን ሲሰማ በድንጋጤ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ባዶ ናቸው ብሎ ነው የሰጠኝ አለ። ሲያወርድላት ሊያጽናናት ብሎ፣ "አንዱንስ ጭላዳ ነጥቆ ገደል ወረደ፤ ማኅሌት ሊቆምበት ይሆናል" አላት። አልሳቀችም። እሱም ከዚያ በኋላ አልቀለደም፤ ስብርባሪውን ሳይቀር ከገብሱ ሥር ለቅሞ ሰጣት።

ከሠላሳ ስድስቱ ስብራት የሌለባቸው ሃያ ተገኙ። እነሱን ነው ያጠበችው። በማርከር የተጻፈውን ፀሐይ በልቶታልና የትኛው የቱ እንደሆነ በጆሮ እንጂ በዓይን አይለይም። ከዘመድ በተዋሰችው ማጫወቻ አንድ በአንድ ሞከረች። አሥራ ሁለቱ እስከ መጨረሻው ሄዱ። ሦስቱ መንገድ ላይ እየተንተባተቡ ቆሙ። አምስቱ ጭራሽ አልተነበቡም። የጽጌ ቁም የለም። የትንሣኤ ቁም፣ መሪጌታ እያሳላቸው የጨረሱት፣ እሱም የለም።

የተረፉትን ራሷ ወደ ኮምፒዩተሩ አስገባች። በአንድ ጣት ፊደል እየፈለገች "ጥምቀት ቁም"፣ "ጥምቀት ዝማሜ" ብላ ሙሉ ስማቸውን ጻፈች። በሁለት ፍላሽ ገልብጣ አንዱን ለዕቃ ቤቱ ሰጠች፤ አንዱን እቤቷ አስቀመጠች። አራት ቀን ፈጀባት። ምስክር በሁለት ሰዓት የጨረሰው ሥራ ነው።

የደብሩ አስተዳዳሪ መምሬ ቴዎፍሎስ ነገሩ እንዳይሰፋ ሁለቱን አስጠሩ። ምስክር አስቀይሜ ከሆነ ይቅርታ አለ። ከሆነ! እታገኝ መሬት መሬት እያየች ይቅር ብያለሁ አለች። መምሬም ደስ ብሏቸው፣ ለገበያ ሞላሌ መሄድሽ ካልቀረ ይህን ለወረዳ ቤተ ክህነት አድርሽልን ብለው ፖስታ አወጡ።

"ምን የሚል ነው አባቴ?"

አነበቡላት። ሠላሳ ስድስት ሲዲዎች ያለ አንዳች ጉድለት ወደ ዘመናዊ ዘዴ መዛወራቸውን፣ በሥራውም ጸሐፊው መመስገናቸውን ይገልጻል። ማኅተም ተደርጎበታል።

"እንዲህ እኮ አይደለም የሆነው" አለች።

"ቁጥሩን ብንቀንሰው ለምን ጎደለ ይሉናል፤ ደብሩ ነው የሚሰደበው" አለ ምስክር።

መምሬም፣ "ተይው ልጄ፤ ወረቀት ነው" አሏት።

የካህን እጅ መመለስ አልሆነላትም። ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

በገበያው ቀን አብረን ሞላሌ ሄድን። ጨው ገዛች፤ መርፌ ገዛች፤ ዋጋ እንኳ አልተከራከረችም። ስንመለስ በቤተ ክህነቱ በር አለፍን። በሩ ክፍት ነበር፤ ዘበኛው ያውቃታልና ከመቀመጫው ተነሥቶ ግቡ እንጂ እትዬ አላት። እግዜር ይስጥህ ብላው፣ ቋጠሮዋን በእጇ ጨብጣ፣ እርምጃዋን ሳትቀንስ አለፈች። ፖስታው እስከ ዛሬ አልደረሰም።