ብቻውን የሚሄደው ቀስት

የማውሱ የግራ ቁልፍ መሃሉ ጎድጉዷል። የባለቤቴን የዕቃ ሳጥን ስከፍት መጀመሪያ የነካሁት እሱን ነው፤ ጣቴም ሳላስበው እዚያች ጉድጓድ ላይ አረፈ። ገመዱ ተጠቅልሎ በነጭ ክር ሁለት ዙር ታስሯል። ባለቤቴ ገመድ ሁሉ የሚያስረው እንዲህ ነበር። አቧራና የሞቀ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ ሽታው ጣሪያው ቆርቆሮ ወደሆነው፣ ያኔ ወደምንሠራበት ክፍል ወሰደኝ።

የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ በሰፈራ ከወሎ መጥቶ አቦቦ መንገድ ላይ የቀረ ገበሬ ነው። ከመንደራችን ሴት ልጆች ጋምቤላ ከተማ ወጥታ ቢሮ የገባች እኔ የመጀመሪያዋ ነበርኩ። ሥራዬም የሰፋሪዎችን የድሮ የቤተሰብ ካርድ ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነበር። ካርዱ የመጣልን በጆንያ ነው። ምስጥ የበላው አለ፣ ዝናብ ቀለሙን ያጠበው አለ። ከውጭ ያለው ማንጎ ፍሬውን ቆርቆሮው ላይ በጣለ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ይደነግጣል። ማራገቢያው ያንኑ ሙቀት ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያዞራል።

መጻፉ አልከበደኝም። የከበደኝ ማውሱ ነው። ፕሮግራሙ አሮጌ ስለነበር ለአንድ ቤተሰብ አምስት ጊዜ ማውሱን እየወሰዱ መጫን ግድ ነበር፦ “አዲስ”፣ “ለጥፍ”፣ “አስቀምጥ”፣ “ዝጋ”፣ “ቀጥል”። በሦስተኛው ወር የቀኝ እጄ አንጓ አበጠ። በነጠላዬ ጫፍ እየሸፈንኩ ጥቂት ቀን ገፋሁ። ከኃላፊያችን ዓይን ግን የሚያመልጥ ነገር አልነበረም።

“እጅሽንስ ደበቅሽው፤ ጆንያውን የት ልትደብቂው ነው?” አለችኝ።

ኮንትራቴ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ቀርቶታል። ካልታደሰ ወደ መንደር መመለሴ ነው። በዚያ እጅ በቆሎ አልኮተኩትም፤ ቤት የተቀመጠች ልጅ ደግሞ ትዳራለች። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ለሚስትነት የፈለገኝ የመንደራችን ሰው ሽማግሌ ልኮ መልስ ይጠብቅ ነበር።

በኋላ ባለቤቴ የሆነው ሰው ያን ጊዜ የቢሮው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። እዚያው ጋምቤላ የተወለደ፣ አማርኛን ትምህርት ቤት የለመደ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። አንድ ቀን ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

“አንድ ካርድ አስገቢ። ቀስ ብለሽ። እኔ አያለሁ።”

“ምኑን ነው የምታየው?”

“እጅሽን።”

ከፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ጸሐፊ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ወረቀት ላይ ቁጥር ይጽፋል፣ ሰዓቱን ያያል፣ እንደገና ይጽፋል።

ስክሪኑ ላይ ያለውን ቀስት በኮድ ማንቀሳቀስ እንደሚቻል የነገረኝ ያን ቀን ነው። ስክሪኑ ጥቃቅን ነጥቦች አሉት፤ ይህን ያህል ነጥብ ወደ ቀኝ፣ ይህን ያህል ወደ ታች ሂድ ብለው ከጻፉለት ቀስቱ ይሄዳል፣ ተጫን ካሉት ይጫናል። ወዲያው ገባኝ። አባቴም ማሳውን የሚለካው እንዲሁ በእርምጃ ነበር።

“ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው?”

“ጠዋት ትጽፊያለሽ። በምሳ ሰዓት ቀስቱ ይሠራል፤ አንቺ እጅሽን ታሳርፊያለሽ።”

ሠራም። ጠዋት ስሞቹን ሠንጠረዥ ላይ እደረድራለሁ። ቀትር ላይ ቀስቱ ብቻውን ይነሳና መስመር በመስመር ወስዶ ይለጥፋል፣ ያስቀምጣል። አካሄዱ የእኔ ነበር። “አስቀምጥ”ን ከተጫነ በኋላ እኔ እንደማደርገው ቆም ይላል። ማንጎው ሥር ተቀምጬ፣ እጄን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በመስኮት አየው ነበር። እብጠቱም መጉደል ጀመረ።

ይህን የምጽፈው በቀን ጥቂት መስመር ነው። ደመና ሲመጣ አንጓዬ ዛሬም ይነግረኛል፤ ያን ጊዜ አቆማለሁ።

አንድ ማክሰኞ እጄን ላሳይ ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ እሱም ለምሳ ወጥቶ ነበር። ቀስቱን ሥራ ላይ ትተነዋል። ጥበቃችን ሽማግሌ ነበሩ፣ የአካባቢው ተወላጅ፣ ለሁላችንም አባት። ዝናብ ሲያንዣብብ መስኮት ሊዘጉ ገቡና ሰው የሌለበት ወንበርና የሚሄድ ቀስት አዩ። ስመለስ ማውሱን በሁለት እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ጭነው ይዘው አገኘኋቸው።

“ልጄ፣ ይሄ ነገር ብቻውን ይሄዳል” አሉኝ። “ስለቀው ያመልጠኛል። አሁን ያዝኩልሽ።”

ሳቄ መጣ። ከዚያ ስክሪኑን አየሁ።

ኮዱ የሚቆጥረው ቀስቱ ከቆመበት ቦታ ተነስቶ ነበር። እሳቸው ጎትተው ሲለቁት ቀስቱ ከቦታው ዝቅ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ እርምጃው ሁሉ ዝቅ እንዳለ ቀጠለ። ከ“አስቀምጥ” ሥር ያለው ቁልፍ ደግሞ “ሰርዝ” ነው። አሮጌው ፕሮግራም ሲሰርዝ “እርግጠኛ ነሽ?” ብሎ አይጠይቅም፤ አንዱን ሲያጠፋ ቀድሞ የገባውን ያመጣል፣ ያም በተራው ይሰረዛል። ከዚያ በፊት ካስገባኋቸው ውስጥ የአንድ መንደር ቤተሰቦች በሙሉ ጠፍተዋል። የእኔው መንደር ነበር።

ኃላፊያችን መጥታ ቆመች።

“ይህን የጻፈው ማን ነው?”

“እኔ ነኝ” አለ ከምሳ የተመለሰው ጠጋኝ።

“ሥራው የማን ነው?”

“የእሷ። ጥፋቱ የእኔ።”

ጥበቃውን አላነሳቸውም። እኔም አላነሳሁም።

“እስከ ዓርብ ካልተመለሰ ኮንትራቱን አልፈርምም” አለችኝ። “በእጅ ነው የምትመልሱት። ያ ቀስት እንዳይነሳ።”

ጆንያውን እንደገና ፈታን። የእኔ እጅ አይችልም፤ ስለዚህ እኔ ካርዱን አነባለሁ፣ እሱ ይጽፋል፣ ይጫናል። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ጆሮው ሥር አነብለት ነበር። በየስሙ ይጠይቀኛል።

“ይህን ታውቂዋለሽ?”

“ማር ያቀምሰን ነበር።”

“ይቺንስ?”

“ተሳዳቢ ናት። ፍየላችን ጓሮዋ ገብታ አንድ ዓመት ሰድባናለች።”

“ይህስ?”

ዓይኔን ከካርዱ አነሳሁ። ካርዱን ከእጄ ወስዶ አየው።

“ሽማግሌ የላከው ነው” አልኩት።

ጣቱ ማውሱ ላይ ቆየ። “እሱንም ልመልሰው?”

“መልሰው እንጂ። ከመንደሩ ሰው አይጎድልም።”

መለሰው። ቁልፉን ግን ከሌላው ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ነበር የተጫነው። ዛሬ ጣቴ ያረፈበት ጉድጓድ የእኔ ጣት ብቻ የሠራው አይደለም።

ዓርብ ከሰዓት ጨረስን፣ ኃላፊያችንም ፈረመች። በሳምንቱ ቀስቱን እንድንመልስ እሷው ጠየቀች፤ ጆንያው አልጎደለማ። እሱም ኮዱ አናት ላይ አንድ መስመር ጨመረ፤ ቀስቱ አዲስ ካርድ ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ወደ ላይኛው የግራ ማዕዘን ይመለሳል፤ ሰው ቢጎትተውም ከዚያ ተነስቶ ቦታውን ያገኛል። ጥበቃችን ከዚያ ወዲህ በምሳ ሰዓት በሩ ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጡ ነበር። “አትግቡ” ይላሉ ለመጣው ሁሉ፣ “እየሠራ ነው።”

እሱም ሽማግሌ ላከ። አባቴ ብዙ አሰበበትና እሺ አለ። ባለቤቴን ባለፈው ክረምት ቀበርኩት።

ማውሱ የነበረበት ሳጥን ውስጥ የድሮ ላፕቶፑም አለ። ትናንት ቻርጅ አድርጌ ከፈትኩትና ያን ኮድ አገኘሁት። በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን አንብቤው አላውቅም። በየመስመሩ አጠገብ ለራሱ ማስታወሻ ጽፏል፤ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል። ወደ ማዕዘን። ወደ ቀኝ። ወደ ታች። “አስቀምጥ” ካለው ቀጥሎ ደግሞ፣ “እዚህ እሷ ትንሽ ታርፋለች፤ አታስቸኩላት” ይላል።

ማውሱን ሰክቼ አስነሳሁት። ያ ፕሮግራም እዚህ የለም፤ የሚጫነው ቁልፍ የለም። ቀስቱ ግን ወደ ማዕዘኑ ሄደ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ታች ወረደ፣ ባዶው ላይ ተጫነ፤ የሃያ ሁለት ዓመት እጄ እንደሚያደርገውም ቆም አለ።

እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ። እስኪጨርስ አልነካሁትም።