ፍስክ ፍስክ የሚሸት የጾም ሽሮ

ደብረ ብርሃን በክረምት እየተመላለስኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ያስተማረን አንድ ህንዳዊ መምህር ነበር። የሥራ ውሉ አልቆ ወደ አገሩ ሊመለስ ሲል የቤት ዕቃውን ለተማሪዎቹ እንደሚያድል ተነገረን። እኔ ያን ቀን ጸጉር ቤት ተቀምጬ ዘግይቼ ደረስኩ። ፍራሹን አንዱ፣ ምድጃውን ሌላው፣ መጋረጃውን ሳይቀር አንዷ ወስዳዋለች። መምህሩ ባዶ ቤቱ መሀል ቆሞ አየኝና አዘነልኝ መሰለኝ፣ መስኮቱ ሥር በአሮጌ የቀለም ቆርቆሮ የበቀለች፣ ከጉልበቴ የማታልፍ ተክል አንስቶ አስታቀፈኝ።

"ከሁሉም የሚበልጠውን ላንቺ አስቀረሁልሽ" አለኝ። ዘግይቼ ስለመጣሁ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

የካሪ ቅጠል ነበረች። እኔ እንደ ብዙ ሰው ከሱቅ የሚገዛው ቢጫ የካሪ ዱቄት ከዚህ ቅጠል ተፈጭቶ የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። ይህንን ስነግረው እናቱን የሰደብኩበት ያህል ቅር አለው። ዱቄቱ የእርድና የሌላ ቅመም ድብልቅ መሆኑን፣ ቅጠሉ ግን በራሱ የሚኮራ ነገር መሆኑን አስረዳኝ። ቀጥሎ በሌለ ምድጃ ላይ የሌለ መጥበሻ ጥዶ፣ ባዶ እጁን አየር ላይ እያማሰለ አሠራሩን አሳየኝ።

"ዘይቱ በደንብ ይጋል። ቅጠሉን ከዘንጉ ሸምጥጠሽ ጣይው። ይንጣጣል። ያኔ ፊትሽን አዙሪ።"

ወደ መሐል ሜዳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ቆርቆሮውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ካፖርት የደረቡ ሽማግሌ ነበሩ። ጥቂት እንደሄድን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣

"ልጄ፣ ጫት ነው?" አሉኝ።

"አይደለም አባባ። ወጥ ውስጥ የሚገባ ቅጠል ነው።"

አላመኑኝም። አንዱን ቅጠል ቀንጥሰው አኘኩት፣ ፊታቸውን አጨማደዱ፣ ጥቂት ጠበቁ፣ ምንም አልመጣላቸውም።

"ጫት ብለው ሸጠውልሽ ከሆነ ተታለሻል" ብለው ዞረው ተኙ።

መሐል ሜዳ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የምኖረው ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አሮጊት ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው፤ እማማ እላቸዋለሁ። አንዲት ልጃቸው መርሐቤቴ ቆላ ተድራለች። እማማ ብልህ፣ ተጠራጣሪና ስኳር ያለባቸው ሴት ናቸው፤ ጠዋትና ማታ ክኒን ይወስዳሉ። ተክሏን ይዤ ስገባ ከእግር እስከ ጫፏ አዩዋት።

"ጦስኙ፣ ኮሰረቱ፣ በሶብላው ሞልቶ፣ ምን አጥተሽ ነው ከደብረ ብርሃን ቅጠል የተሸከምሽው?"

"እማማ፣ እሷ እኮ የጤና አዳም ዘመድ ናት። የሎሚም ዘመድ ናት።" ይህ ውሸት አይደለም፤ በእጽዋት ትምህርት ሦስቱም አንድ ቤተሰብ ናቸው።

"ዘመድ ካላትማ ትግባ" አሉ።

መሐል ሜዳ ግን ዘመድ ላለውም ቢሆን የምትራራ አገር አይደለችም። ኅዳር ላይ ውርጩ ሲጀምር ተክሏ አጎነበሰች። ቀን ፀሐይ ላይ አወጣት፣ ማታ አስገባት ጀመር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ቆርቆሮው በበግ ጠጉር ባና ተጠቅልሎ፣ ተክሏ እንደታመመ ሰው አንገቷን ብቻ ብቅ አድርጋ አገኘኋት። ማን እንዳለበሳት ስጠይቅ እማማ "እኔ ምን አውቄ" አሉ። ባናው ግን የእሳቸው አልጋ ላይ የሚነጠፈው ነበር።

እንዲህ ሆና ክረምቷን ሳይሆን በጋዋን ተሻግራ፣ የዐቢይ ጾም ሲገባ ጥሩ ቅጠል አወጣች። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የህንዱ መምህር እንዳሳየኝ አድርጌ ልሞክራት ተነሳሁ። ዘይት አጋልኩ፣ ቅጠሉን ሸምጥጬ ጣልኩ፣ ተንጣጣ፣ ፊቴን አዞርኩ። ነጭ ሽንኩርት ጨመርኩበት፤ ቀጥዬ ሽሮውን። ሽታውን በቃል ለመግለጽ እቸገራለሁ። የሎሚ ልጣጭ እሳት ዳር ያስቀመጡት ዓይነት፣ ከዚያ በታች ደግሞ የተጠበሰ ገብስ የሚመስል ነገር አለው። ግቢውን ሞላው።

እማማ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

"አንቺ! ይሄ ምን ይሸታል?"

"ሽሮ ነው እማማ።"

"የምን ሽሮ?"

"የጾም።"

"የጾም ሽሮ እንዲህ አይሸትም። ፍስክ ፍስክ ነው የሚለው። ቅቤውን የት ደበቅሽው?"

በቀጥታ ቅጠሉን ባሳያቸው ነገሩ ያልቅ ነበር። ግን ልቤ ውስጥ አንድ ተንኮለኛ ነገር ተነሳና ዝም ብዬ ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬ ጥፋተኛ አደረገኝ። እማማ መደርደሪያዬን ፈተሹ፤ ዘይት፣ ጨው፣ ሚጥሚጣ። አልጋዬ ሥር ጎንበስ ብለው አዩ፤ ጫማዬን አገኙ።

"ይቅመሱትና ይፍረዱ" አልኳቸው።

"ብቀምሰውና ፍስክ ቢሆን? አብረን ልንገድፍ ነው?"

እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና ጎረቤት ሰው ሊጠይቁ መጥተው የነበሩትን የነፍስ አባታችንን ይዘው ተመለሱ። አባ ለስለስ ያሉ፣ ጥምጣማቸው ሁልጊዜ ነጭ የሆነ፣ ቸኩለው የማይናገሩ ቄስ ናቸው። ተቀመጡ፣ ማዕዱን ባረኩ፣ በእንጀራ ጠቅለል አድርገው ቀመሱ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደገሙ። ሦስተኛ ጎረሱ።

"እህ አባ፣ ምን ፈረዱ?" አሉ እማማ።

"ገና ነው" አሉ አባ፣ "አጣርቶ ነው እንጂ።"

ማጣራቱ ድስቱ እስኪጋመስ ቀጠለ። በመጨረሻ እጃቸውን ታጥበው፣

"ቅቤ የለበትም። የጾም ነው" አሉ። ትንሽ አሰብ አደረጉና "ነገር ግን እየበላችሁ ያን ያህል ደስ አይበላችሁ" ሲሉ ጨመሩ።

እማማም ቀመሱ። ደስ እንዳይላቸው ሲታገሉ ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

ጥፋቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አባ "ከመጣፈጡ ሌላ ምን ይጠቅማል?" ብለው ጠየቁኝ። ክፍል ውስጥ ስልሳ ተማሪ አንቀላፍቶብኝ የሚውል ሰው ነኝ፤ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አፌን ሲያዩኝ ራሴን ረሳሁ። ለዓይን ይጠቅማል አልኩ። ለደም አልኩ። ለሆድ፣ ለንፋስ አልኩ።

አባ ጥምጣማቸውን ነካ ነካ አድርገው፣ በቀስታ፣ "ለጸጉርስ?" አሉ።

"ለጸጉርማ ዋናው እሱ ነው አባ! በዘይት አፍልተው ነው የሚቀቡት።"

"ለስኳርስ?" አሉ እማማ።

"ስኳር ያወርዳል፣ ይላሉ።"

"ይላሉ" የምትለዋን ቃል እኔ ራሴ እንኳ እስከማልሰማት ዝቅ አድርጌ ነው የተናገርኳት።

አባ ሲወጡ "ለባለቤቴ" ብለው አንድ እፍኝ ቅጠል ወሰዱ። በሳምንቱም ለባለቤታቸው ወሰዱ። ከፋሲካ በኋላ ጠበል ሊረጩ ሲመጡ እማማ መስቀል ለመሳለም ጎንበስ አሉና ባሉበት ቀሩ።

"አባ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ጥምጣምዎ ሽሮ ሽሮ ይሸታል።"

"ባለቤቴ አጥባ ማጀት ሰቅላው ነው" አሉ አባ፣ ዓይናቸውን ከእኔ አዙረው። እኔ ሳቄን ለመዋጥ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ተክሏ በየቀኑ እየሳሳች መሄዷን አየሁ። አባ ናቸው ብዬ አማኋቸው። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ እማማ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ውሃ ሲጠጡ አየኋቸው። ያ ሁለተኛ ጣሳቸው ነበር። ዓይኔ እያየ ሦስተኛ ቀዱ። ተነስተው ወደ ጓሮ ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ደግሞ ሄዱ። ከንፈራቸው ደርቋል። ይህን ምልክት ለተማሪዎቼ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዘርዝሬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

"እማማ፣ ክኒኑን ወስደዋል?"

"ክኒን ምን ያደርግልኛል? ቅጠሉን እየበላሁ አይደል። ሁለት ሳምንት ሆነኝ ከተውኩት።"

ተማሪዎቼን ለሌላ መምህር አደራ ሰጥቼ፣ እጃቸውን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኳቸው። ነርሷ ጣታቸውን ወግታ መሣሪያውን አየችና ተሳስቶ እንደሆነ ብላ ሌላውን ጣት ወጋች። አልተሳሳተም።

"እናቴ፣ መድኃኒቱን ለምን አቋረጡ? ማን ነው ቅጠል ይበቃዎታል ያለዎት?"

እማማ አጠገባቸው ቆሜ ሳለ፣ ፊቴን ሳያዩ፣ "አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ናት" አሉ።

"ባዮሎጂ?" አለች ነርሷ። "የተማረችበትን ትምህርት ቤት ይንገሩኝና ልጄን እንዳልልክ።"

"ደግ ልጅ ናት" አሉ እማማ፣ "አፏ ብቻ ነው።"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ነርሷ እዚያው አቆይታ ስትከታተላቸው ዋለች፤ ክኒናቸውን አስጀመረቻቸው፤ አመሻሹ ላይ ወረደላቸው። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ እውነቱን ነገርኳቸው። ቅጠሉ ምግብ ነው አልኳቸው። ብረት አለው፣ ካልሲየም አለው፣ ለዓይን የሚሆን ንጥረ ነገርም አለው፤ ግን ወጥ ላይ የሚጣል አሥር ቅጠል ከጎመን የበለጠ ተአምር አይሠራም። ሆድ ያረጋጋል የሚለውን ህንዶች ከጥንት ጀምሮ ያምኑበታል። የስኳሩ ነገር በአብዛኛው የተሞከረው በአይጥ ላይ ነው፤ ሰው መድኃኒቱን ትቶ የሚተማመንበት አይደለም።

እማማ መንገድ መሀል ቆሙ።

"በአይጥ?"

"አዎ እማማ።"

"አንቺ እኔን ከአይጥ ጋር ነው የቆጠርሽኝ?" አሉና ከልባቸው ሳቁ። እኔ ግን አለቀስኩ። እጄን ጨበጥ አድርገው "ተይ፣ ሰው ያየናል" አሉኝ።

እሑድ ለአባ ተናዘዝኩ። የእማማን ነገር ሁሉ ነገርኳቸው። አዳመጡኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ስጨርስ፣

"ሌላስ የተረፈሽ አለ?" አሉኝ።

"አለ አባ። ጸጉር ያበቅላል ያልኩትም… ልማድ ነው እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም።"

አባ ጥምጣማቸውን ወደ ግንባራቸው ዝቅ አደረጉ። በመጨረሻ አርባ ስግደት አዘዙኝ። አርባው ለስኳሩ ይሁን ለጸጉሩ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። ሁለተኛው ሃያ ላይ ስደርስ ግን ወገቤ ለጸጉሩ ነው አለኝ።

እማማ ክኒናቸውን ከዚያ ወዲህ ፊት ለፊቴ ነው የሚውጡት፤ ውጠው ሲጨርሱ አፋቸውን ከፍተው ያሳዩኛል፣ ለማብሸቅ። ቅጠሉን ግን አልተዉትም። ለፍልሰታ ፍቺ ቅቤ ሲያነጥሩ ከኮሰረቱና ከኮረሪማው ጋር አምስት ቅጠል ጣል አደረጉበት። ያ ቅቤ በጨጨብሳ ላይ ሲፈስ የህንዱን መምህር ባገኘሁት አልኩ፤ የሌለ መጥበሻ ከማማሰል አድነው ነበር።

ተክሏን የሚቀጥለው ኅዳር ውርጭ ባናዋን እንደለበሰች ወሰዳት። ደግነቱ ከዚያ በፊት ከሥሯ ሁለት ቡቃያ አውጥታ ነበር፤ እማማ ከነአፈሩ ነቅለው በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው መርሐቤቴ ለልጃቸው ልከውት ኖሯል። ቆላው ተስማማው። ልጅቱ በስልክ "ፍየል እንኳ የማይነካው ምን ዓይነት ዛፍ ነው?" እያለች ስታማርር ቆየች። በኋላ ግን ማሾ ክክ ውስጥ ሞከረችውና ማማረሩን ተወች።

ባለፈው ጥምቀት እናቷን ልትጠይቅ መጣች፣ አንድ ዘንቢል ትኩስ ቅጠልና ማሾ ይዛ። ሦስታችንም እማማ ማጀት ገባን። ልጅቱ መጀመሪያ ነጭ ሽንኩርቱ ነው የሚገባው አለች። እማማ የለም፣ ቅጠሉ ነው የሚቀድመው አሉ።

"እማዬ፣ ዛፉ ያለው እኔ ደጅ ነው እኮ!"

"ዛፉን የላኩልሽ እኔ ነኝ!"

ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ። ባለሙያዋ እኔ ነኝ። አፌን ልከፍት ስል የጤና ጣቢያዋ ነርስ ትዝ አለችኝና ማሾውን ማጠብ ጀመርኩ። እነሱ ሲከራከሩ ነጭ ሽንኩርቱ አረረ። አንዳችንም አልጠቀስነውም፤ ወጡን እስከ ድስቱ ሥር ጠርገን በላነው።