ስድስተኛው ተሸካሚ

ዋርሳዬን ዴንዚልን «እንዴት ነህ?» ያለው ሰው ሁሉ የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፤ «ምን አለብኝ!» የከሰል ማዕድኑ ጣሪያ ተደርምሶበት ከድንጋይ ሥር ጎትተው ሲያወጡትም ይህንኑ ነው ያለው አሉ። የእኛ ሸለቆ ወንዶች ሁሉም እንዲህ ናቸው። አንገታቸው ቢቆረጥ «ትንሽ ከረከረኝ» ነው የሚሉት። ባሌ ኢርቪን፣ የዴንዚል ታላቅ ወንድም፣ ሳንባው በከሰል አቧራ ተደፍኖ አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ እንኳ «ጉንፋን ቢጤ ነው» እያለኝ ሞተ። እግዜር ይይላቸው፤ እኔ በዚህ ጠባያቸው ተቃጥዬ አልቄያለሁ።

ከእኔ ብሳ የምትቃጠል አንዲት ሴት ብትኖር ወይዘሮ ጄኒቫ ናት። ጄኒቫ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ድሮ ጫማ ቤት በነበረው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ፣ ሠርቶ መብላት ያቃተው ሰው መንግሥት የአካል ጉዳት አበል ሲከለክለው ወኪል ሆና የምትከራከርለት ሴት ናት። ጠበቃ አይደለችም፤ የወኪልነት ፈተና ተፈትና አልፋ ነው ሥራውን የያዘችው። ካሸነፈች ይከፈላታል፣ ከተሸነፈች ባዶ እጇን ትገባለች። ሲጋራና ስድብ ከአፏ አይጠፋም። ግን ስንቱን ሽባ ከነቤተሰቡ ከረሃብ ያወጣች እሷ ናት።

የዴንዚልን ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ጥለውታል። የቀረው ዳኛ ፊት መቅረብ ነበር። ሃምሳ ዓመት ቢሞላው ሕጉ ትንሽ ይለዝብለት ነበር፣ እሱ ግን ገና አርባ ስምንቱ ነው። ጄኒቫ ይህን ስትነግረው «ታዲያ ምን ላድርግ፣ እናቴን ከመቃብር ቀስቅሼ ቀደም ብለሽ ውለጂኝ ልበላት?» አላት። ጄኒቫም ሳቀች፤ እሷን ማሳቅ ቀላል አይደለም።

ሳቁ ሳቅ ነው፣ ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የማዕድኑ ኩባንያ ከስሮ ባለቤቶቹ የት እንደገቡ አይታወቅም፤ ካሳ የሚጠየቅ የለም። ዴንዚል ቤቱን ሸጦ ከእኔ ጓሮ በቆመች ተጎታች ቤት ውስጥ ይኖራል፣ ከእኔ ማዕድ ይበላል፤ ይህም እንደ እሾህ ይወጋዋል። አበሉ ካልተፈቀደለት ያለው አንድ መንገድ የአጎቱ ልጅ የሃርለስ እንጨት መሰንጠቂያ ገብቶ ግንድ መጎተት ነው። ሐኪሙ ደግሞ በግልጽ ነግሮታል፤ «ከእንግዲህ ከባድ ነገር ካነሳህ እግሮችህን ትሰናበታቸዋለህ» ብሎታል። እንግዲህ የተያዘው ጉዳይ ይህ ነበር፤ የሰውዬው እግር።

ጄኒቫ ልታለማምደው እኔ ወጥ ቤት መጣች። ቦሎቄ ሾርባና የበቆሎ ዳቦ አቅርቤላቸው ነበር።

«እኔ ዳኛው ነኝ» አለችው። «እንዴት አደሩ፣ አቶ ዴንዚል?»

«ምን አለብኝ፣ ደህና።»

«ወገብ አለብህ!» ጠረጴዛውን በመዳፏ ስትነርተው ሾርባዬ ተደፋ። «ያለቀ የጀርባ አጥንት አለብህ! ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት የምታድር ሰው ምን አለብኝ ትላለህ? ዳኛው ምን አለበት፣ "ደህና ነኝ ብሏል" ብሎ ይጽፍና ወደ ምሳው ይሄዳል!»

«በእናትና በአባቴ ወግ እንዴት አደርክ ለሚል ሰው ቁስል አይዘረገፍም።»

«እሱ እንግዳ አይደለም፣ ዳኛ ነው! ቀጥል። ልብስህን ማን ያጥባል?»

«ራሴ።»

«ውሸታም!» አልኩት እኔ ከምድጃው አጠገብ። «ሱሪህ አሁን እኔ ገመድ ላይ ተሰጥቶ የለም እንዴ?»

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

ጄኒቫ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። «እኔ ነኝ የምጠይቃት። ኦፓል፣ ምስክር ሆነሽ ትቀርቢያለሽ። እሱ የሚደብቀውን አንቺ ትናገሪያለሽ።» በዚህ ዓይነት ነው ምስክር የሆንኩት።

ችሎቱ ሳምንት ሲቀረው ጄኒቫ ስልክ ደወለችልኝ፤ ድምፅዋ ልክ አልነበረም። መዝገቡ ውስጥ ፎቶግራፍ ገብቶበታል አለች። የኢርቪን ቀብር ፎቶ ነው፤ ዴንዚል ከተጎዳ በኋላ የተነሳ። ከዘመድ አንዱ ለመታሰቢያ ብሎ ኢንተርኔት ላይ የለጠፈውን አንድ መርማሪ አግኝቶት ነው። የእኛ የቤተሰብ መቃብር ያለው ከተራራው ጫፍ ላይ ነው፤ መኪና አይወጣውም፤ ሳጥኑን ስድስት ወንድ ይዞ በእግሩ ይወጣል። ፎቶው ላይ ዴንዚል ጥቁር ሱፉን ለብሶ፣ በግራ በኩል መጨረሻ ላይ፣ የሳጥኑን እጀታ ጨብጦ ይታያል።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለችኝ ጄኒቫ። «ተሸክሟል?»

እኔ ከሳጥኑ ኋላ ኋላ ነበርኩ። ሃርለስ ቀደም ብሎ ለልጆቹ ሲያንሾካሹክ አይቻለሁ፤ «ክብደቱን እናንተ ያዙት፣ ለእሱ እጀታውን ተዉለት» ሲል። ዳገቱ ላይ የአምስቱ ክንድ ሲወጠር የዴንዚል እጀታ እንደላላ ነበር። ጣቶቹ ነክተውታል እንጂ አልያዙትም። ቢሆንም እግሩ እየተንቀጠቀጠ እስከ ጉድጓዱ አፍ ደረሰ። ኢርቪን ሊሞት ሲል እጁን ይዞ «ወደ ላይ የምታወጣኝ አንተ ነህ» ብሎት ነበር፤ ዴንዚልም «እኔ ነኝ» ብሎታል። አጠገባቸው ነበርኩ።

«አልተሸከመም» አልኳት።

«ተመስገን! እንግዲያው ከራሱ አፍ ይውጣ። እጄን ብቻ ነው ያሳረፍኩት ይበል። አንድ ቃል ናት።»

ይህንኑ ነገረችው። እሱም «እሺ» አላት። እኔ ግን የዴንዚልን እሺ አውቀዋለሁ፤ «ሰምቼሻለሁ፣ አሁን ተዪኝ» ማለት ነው።

በቀጠሮው ቀን ፀጉሩን ተቆርጦ፣ ያንኑ የቀብሩን ሱፍ ለብሶ መጣ። ሌላ የለውም። ጄኒቫ ስታየው ዓይኗን ጨፈነች።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ዳኛው ከፍ ብለው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ክፉ አይደለም፣ የደከመ ነው። ከጎናቸው ስለ ሥራ ዓይነት የምትመሰክር ባለሙያ አለች። ምስክር እስኪጠራ ውጪ ይቆይ እንደሆነ ጄኒቫ ብትጠይቅ ዳኛው «ግዴለም፣ ትቀመጥ» አሉ።

«እንዴት አደሩ፣ አቶ ዴንዚል?»

«ወገቤን ያመኛል፣ ክቡር ዳኛ» አለ። ጎሽ የኔ አንበሳ! ልጮህ ነበር። ስንት ደቂቃ መቀመጥ እንደሚችል ተናገረ። ካልሲውን እኔ እንደማጠልቅለት እንኳ ሳይቀር፣ ጆሮው ቀልቶ፣ ተናገረ። ባለሙያዋ ቀጥላ እንዲህ ያለ ሰው የጥበቃ ካሜራ እያየ ወይም የልብስ ቁልፍ እየለየ ሊሠራ ይችላል አለች። በእኛ ሸለቆ ከዶሮና ከዝገት በቀር የሚጠበቅ ነገር የለም! ጄኒቫ ግን ረጋ ብላ «በቀን ሦስት ጊዜ ጋደም ማለት ካለበትስ?» ስትላት፣ «እንደዚያ ከሆነ የሚቀጥረው የለም» አለች ሴትየዋ። ጄኒቫ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን ጨበጠችኝ። ልናሸንፍ ነበር።

ከዚያ ዳኛው ፎቶውን አወጡት።

«ይህ እርስዎ ነዎት?»

«አዎን፣ ክቡር ዳኛ። የወንድሜ ቀብር ነው።»

«ነፍስ ይማር። ሳጥኑን ተሸክመው ነበር?»

ዴንዚል ፎቶውን አላየም። ዞር ብሎ ያየው እኔን ነው። አንዴ ብቻ። ወደ ዳኛው ተመለሰና «ወንድሜን ተሸክሜዋለሁ» አለ።

ጄኒቫ ወንበሯን ገፋች። «ደንበኛዬ ሊል የፈለገው... ዴንዚል፣ እጅህን አሳርፈህ ነበር ወይስ ክብደቱን ይዘኸው ነበር? ለዳኛው አስረዳ።»

«ተሸክሜዋለሁ አልኩ እኮ። ከታች እስከ ላይ።»

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። ቃለ መሐላ ገብቻለሁ፣ እጄን አንስቼ ምያለሁ። ግን ለመሐላው አይደለም የተናገርኩት፤ እግሩ ነው የታየኝ፤ ግንዱና እግሩ። «አልተሸከመም፣ ክቡር ዳኛ» አልኩ። «አቅም የለውም። የተሸከሙት አምስቱ ናቸው። እሱ እጀታውን ነክቶ ነው የወጣው፣ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ዴንዚል በእርጋታ፣ ለሕፃን እንደሚያስረዳ ሰው «አይፍረዱባት፣ ክቡር ዳኛ» አለ። «ባሏን ልትቀብር እየሄደች ነበር። ዓይኗን እንባ ሞልቶት፣ አላየችም።»

ደጅ ስንወጣ ጄኒቫ ሲጋራዋን መለኮስ አቅቷት ሦስቴ ክብሪት ሰበረች። «ሁለታችሁም እውነት ተናገራችሁ» አለች፤ «ሁለታችሁም ገደላችሁኝ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ዴንዚል ማዕዴ ላይ መቅረብ ተወ። ሾርባውን ተጎታች ቤቱ ደጃፍ አስቀምጥለታለሁ፣ ሳህኑን አጥቦ ይመልሳል፤ በዚያ ወገቡ ጎንበስ ብሎ አጥቦ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እውነት እያደር ጠቆረ።

ውሳኔው መጣ፤ ውድቅ። አመልካቹና ምስክሩ የሰጡት ቃል ስለሚቃረን ስለ ሕመሙ የተናገረውም ሙሉ እምነት አይጣልበትም ይላል። ጄኒቫ ግን እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። የመጨረሻው ይግባኝ ቀን ከማለፉ በፊት አንድ ገጽ ጽፋ ይዛ መጣች። ዴንዚልን ከተጎታች ቤቱ ጎትታ አምጥታ እኔ ወጥ ቤት አስቀመጠችው።

«እዚህ ላይ ፈርም» አለችው። «"በሐዘን ስሜት ተናገርኩ እንጂ ሳጥኑን አልተሸከምኩም" ነው የሚለው። ሃርለስም ፈርሞልኛል። አንተ ካልፈረምክ ግን የእሱ ብቻውን ዋጋ የለውም። ተስፋው የመነመነ ነው፣ አልዋሽህም፤ ግን ያለን እሱ ነው።»

ዴንዚል ወረቀቱን አነበበው። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ደግሞ አነበበው። እስክሪብቶውን አነሳ። ከዚያ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከችሎቱ ወዲህ ዓይን ለዓይን ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው።

«ኦፓል» አለኝ። «ስድስት ሆነን ነው የወጣነው። ካልተሸከምኩት ታዲያ እዚያ ምን እሠራ ነበር? ወንድሜ ቃል ያስገባኝ ለዚህ ነው? አንቺ ንገሪኝ፤ አንቺ ያልሽውን እፈርማለሁ። ተሸክሜዋለሁ ወይስ አልተሸከምኩትም?»

ጄኒቫ በጭንቅላቷ ምልክት ሰጠችኝ። በይ፣ አሁን በይ፣ አንድ ቃል ናት። አፌን ከፈትኩ። አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይጠብቀኛል። ፊቱ የኢርቪንን ፊት ሆነብኝ፤ ደግሞ አይደለም፣ የራሱ ፊት ነው፤ በሕይወቱ ምንም ለምኖኝ የማያውቅ ሰው አሁን ይለምነኛል።

«ተሸክመኸዋል» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠው። «እኔስ ምን አልኩ» አለና ለመነሳት ጠረጴዛውን ያዘ።

ጄኒቫ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አልተሳደበችም። ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር። «ሌላ ቀጠሮ አለብኝ» ብላ ወጣች። ዴንዚል የዚያን ቀን ማታ ከማዕዴ ቀርቦ በላ፤ ሁለት ሳህን፣ እየተጫወተ።

ሰኞ ጠዋት የሃርለስ የእንጨት መኪና ዴንዚልን ለሥራ ሊወስድ መጥቶ ደጃፋችን ቆመ። ዴንዚል ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ሁለት ልጆች በብብቱ ሥር ገብተው አነሱት። እኔ በመስኮት አይ ነበር። ቀና ሲል እንዳያየኝ መጋረጃውን ለቀቅኩት።