የረጠበው ቀላድ

አብተው ዘገዬን ናዝሬት ውስጥ የማያውቀው ሰው አልነበረም። እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ አውቀዋለሁ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቀላዱን ጫፍ ይዤለታለሁ። ቀላድ የምላችሁ መሬት የሚለካበትን የጠፍር ገመድ ነው። እሱ ወዲህ ቆሞ «ኑሬ፣ ጫፉን ያዝ!» ይለኛል፣ እኔ ወዲያ እሮጣለሁ፣ ወጥረን እንቆጥራለን።

ከቡልጋ ሲመጣ ከአንድ ጋቢና ከምላሱ በቀር ምንም አልነበረውም። ቅቤ አንጓች ነበር። በባቡር ጣቢያው ዙሪያ ያለውን የግራር ሜዳ ቆራርጦ ለግሪኩም ለዓረቡም ለሸዋውም ነጋዴ አሻሻጠው። እሾህና አቧራውን ገነት አድርጎ ሲያወራው ያልገዛ ሰው አላየሁም። ብዙም ሳይቆይ የራሱን ርስት ገዛ፣ ቤቱንም ቆርቆሮ አለበሰ።

ገርባ ሰንበታ ከአዋሽ ወዲህ የሰው መሬት በጭሰኝነት ያርስ ነበር፤ አባቱም እዚያው ሲያርስ ነው የሞተው። ባለርስቱ ልሽጥ ብሎ ሲነሳ ገርባ ከብቶቹን አንድ ሳያስቀር ሸጦ ገዛው። አሻሻጩም ለኪውም አብተው ነው። ወሩ ነሐሴ ነበር፤ ዝናቡ ለሦስት ቀን አላባራም፣ ጠፍሩ ውሃ ጠጥቶ ተለጥጧል። የረዘመ ገመድ ሰፊውን መሬት አሳንሶ ይቆጥራል።

«አቶ አብተው፣ ገመዱ ረዝሟል እኮ፤ ይድረቅ» አልኩት።

«ባለርስቱ ነገ በባቡር ይሄዳል። ዝም ብለህ ያዝ!» አለኝ።

ለካን፣ ልክ አንድ ጋሻ ሆነ፣ ውሉም ላይ አንድ ጋሻ ተብሎ ተጻፈ። ገርባ ደስ ብሎት ሁለታችንንም እርጎ አጠጣን።

በ1924 ዓ.ም. የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ሲቋቋም ሹማምንቱ አብተውን መረጡት። ርስት የሌለው ሰው እዚያ አይቀመጥም ነበርና ርስቱ አበቃው። ጥቁር ካባ ደርቦ ባቡር ሲሳፈር ጣቢያው በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔም እጄ እስኪቀላ አጨብጭቤያለሁ። እዚያ ምን እንደሚሠራ ስጠይቀው «በቀረበልን ነገር እንመክራለን» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚህ ሌላ አልሰማሁም።

በሁለተኛው ዓመት በጋ የመንግሥት ለኪዎች ደረቅ ቀላድ ይዘው መጡ። የገርባ መሬት ከአንድ ጋሻ አለፈ። ከውሉ የተረፈው የመንግሥት ነው ተባለና ለአንድ ሹም ተሰጠ፤ ገርባም ዳኛ ዘንድ አቤት አለ። የተቆረጠው ደግሞ ቤቱና የውሃ ጉድጓዱ፣ የአባቱና የሁለት ልጆቹም መቃብር ያለበት ወገን ነበር።

አብተው ለዕረፍት በመጣ ጊዜ ገርባ መጥቶ እግሩ ላይ ወደቀ።

«ሌላ አልለምንዎትም፣ ጌታዬ። ዳኛው ፊት ቆመው ገመዱ ረጥቦ ነበር ይበሉልኝ። እኔ የሰው መሬት አልሰረቅኩም።»

አብተው አንሥቶ እስከ በሩ ሸኘው። ገርባ ከሄደ በኋላ ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ።

«ይህን ካልኩ በዚያ ክረምት የለካሁት ሁሉ ይፈርሳል፣ ኑሬ። የራሴም ርስት በዚያው እርጥብ ገመድ ነው የተለካው። እሱ ከሄደ ምክር ቤቱም ቀረ» አለና ፊቱን በካባው ሸፈነ። አሳዘነኝ። ምን ልዋሻችሁ፣ ከገርባ ይልቅ እሱ አሳዘነኝ።

በችሎቱ ቀን ዳኛው የምክር ቤት ሰው መጣ ብሎ ከመቀመጫው ተነሣለት። አስምሎ ጠየቀው።

«ደረቅ ነበር» አለ አብተው። አልተሰማም ብለው ሁለት ጊዜ አስደገሙት።

ገርባ እሱን አላየውም። ወደ እኔ ዞረ።

«ኑሬ ኮ፣ ኑሬዬ፣ አንተስ? ያኛውን ጫፍ የያዝከው አንተ ነህ።»

ቁርኣን አስይዘው አስማሉኝ። እኔ የምኖርበትን ቦታ የሰጠኝ አብተው ነው፤ ልጆቼ የተወለዱት እዚያ ነው።

«አላስታውስም» አልኩ። ምላሴን በቆረጠው!

አብተው በነጋታው ባቡር ወደ ምክር ቤቱ ተመለሰ። ለገርባ ቤቱን እንዲያነሳ ሰባት ቀን ተሰጠው። በሰባተኛው ቀን ምን እግር እንደጣለኝ አላውቅም፣ ሄድኩ። ክዳኑ ወርዷል፣ ሚስቱ መቃብሮቹ አጠገብ ተቀምጣለች፣ እሱ ብቻውን የመሐሉን ምሰሶ እየነቀለ ነው። ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ቆምኩ፤ ወላሂ፣ ቢመታኝ በወደድኩ። ምሰሶውን ነቅሎ አንዱን ወገን ትከሻው ላይ አሳረፈና ቀና ብሎ አየኝ።

«ኑሬ፣ ጫፉን ያዝ» አለኝ።