ከውኃው ቀድሞ መድረስ

አጎቴ የውኃ አባት ናቸው። መርሳ አጠገብ ካለው መንደራችን በላይ ከወንዝ የተጠለፈ ቦይ አለ፤ ከተራራው ግርጌ ተነስቶ ማንጎውንና ሽንኩርቱን እያጠጣ እስከ አስፋልቱ ዳር ይወርዳል። ተራው የማን እንደሆነ የሚናገሩት፣ የላይኛውን ማሳ በር ዘግተው የታችኛውን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው። ይህን ሥራ ሰው ልኮ ማሠራት ነውር ነው። የውኃ አባት ራሱ ሄዶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ ዱላውን በማሳው በር ላይ ሲተክል ተራው ይጀምራል። ከዚያ አጎቴ ጥላቸውን በገዛ እግራቸው ይለካሉ። ረፋድ ላይ ከሆነ፣ ጥላው ከለኩት በአራት እግር እስኪያጥር፣ ውኃው የዚያ ሰው ነው። ዛሬ የሁሉም ኪስ ውስጥ ስልክ አለ፤ ነገር ግን የአንዱ ስልክ ከሌላው ይቀድማል፣ የአጎቴ እግር ግን አንድ ነው።

አምና ያ እግር ከዳቸው። ቀኝ ጉልበታቸው አብጦ አልታጠፍ አለ። ሁለት ጊዜ ዘገዩ፤ በላይ ያለው ማሳ ሲጥለቀለቅ የታችኛው ሰው መቆፈሪያውን ተደግፎ ሲጠብቅ ዋለ። ሽማግሌዎቹ በአክብሮት መጥተው ደክመዋልና ይረፉ አሏቸው። የበጋው መስኖ ሲጀመር ቦዩን መዞር ካልቻሉ ሌላ ሰው እንደሚመርጡም ጨመሩ።

ይህን የነገሩኝ ጉልበታቸውን ለመታየት ወልድያ የመጡ ቀን ነው። የምሠራበት ስልክ ጥገና ቤት ገብተው በርጩማ ላይ ተቀመጡና የሐኪሙን ወረቀት አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ለማረፉማ መቃብር አለልኝ፤ ምን አስቸኮላቸው?» አሉ።

እኔ የያዝኩትን የመበየጃ ካውያ አስቀመጥኩ። በዚያ ሰሞን በከተማው መንገድ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ሞተር ሳይክሎች ማየት ጀምረን ነበር። ባጃጁ እያጓራ በሚወጣው ዳገት እነሱ ዝም ብለው ያልፋሉ። አንድ ቀን አንዱን ለቻርጀሩ ብልሽት አምጥተውልን ስፈታው፣ ጉልበቱ ሁሉ ከጎማው መሃል ካለ ክብ ብረት እንደሚወጣ አየሁ። አጎቴን ወደ መናኸሪያ ሸኝቼ ስመለስ ሐሳቡ አብሮኝ ተመለሰ።

ሳይክሉን ያገኘሁት ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ከሚገባ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ርካሽ ማውንቴን ነበር፤ ካምቢዮው ይስታል፣ የፊት ፍሬኑ ያለቅሳል። ሞተር ያለበት የኋላ ቸርኬ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣልኝ። ስቀበለው እንደ መጅ ከበደኝ። ባትሪውን ራሴ ገጣጠምኩት። የሞተ የላፕቶፕ ባትሪ ሲሰበር ውስጡ ጣት የሚያህሉ ዘንጎች አሉ፤ ሁሉም ግን አይሞቱም። ከስድስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ሲበላሹ ሌሎቹ አብረው ተጥለዋል። ጥገና ቤታችን ጥግ የተከመረውን ሁሉ ሰብሬ፣ አንድ በአንድ ለክቼ፣ ደህና የሆኑትን አርባ መረጥኩ። በሕይወት ሳሉ እንደ ሬሳ ተቆጥረው ነበር። አሥር አሥር አድርጌ አሰርኳቸውና፣ ዝናብ እንዳይነካቸው ባዶ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ከትቼ ሳይክሉ ወገብ ላይ ቋጠርኩት።

ቸርኬውን ከጣሪያው በገመድ አንጠልጥዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ገመዶቹን ያገናኘሁበትን ከሰዓት አልረሳውም። እጀታውን በጥቂቱ ጠመዘዝኩ። ጎማው ዞረ። ካቴና የለው፣ ማንም አልነካው፣ ድምፅ የለው፤ ዝም ብሎ ዞረ። ንፋሱ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ገጾች ማገላበጥ ጀመረ። ስልኩን ሊያሠራ የመጣ ደንበኛ አፉን ከፍቶ ቆሞ ነበር፤ ስልኩን ሳይጠይቀኝ ሄደ። እኔ ግጥም የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ያገኘሁት ደረሰኝ ጀርባ ላይ እጽፋለሁ። በዚያ ቀን ግን ሦስት ደረሰኝ አበላሽቼ ተውኩት።

መንገድ ላይ ስሞክረው ዘንጉን ያሰረው ዳዶ ላላና ሞተሩ በጎማው ፋንታ የራሱን ዘንግ አዞረ፤ ገመዶቹ እንደ ሹሩባ ተገመዱ። በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ጋ ወሰድኩት። ዘንጉን የሚይዝ ወፍራም ብረት ቆርጦ እየበየደ፣ ሳይክሌ በሬ ስለሆነ ቀንበር እንደሚያስፈልገው ነገረኝ። ከዚያ በኋላ አልላላም።

በሚኒባስ ጣሪያ ጭኜ መንደር ሳደርሰው ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱ ጀሪካኑን መታ መታ አድርጎ፣ የሚጠጣው ዘይት የሱፍ ነው የኑግ ብሎ ጠየቀኝ። ሌላው ዘይት በተወደደበት ዘመን የእህቱ ልጅ አጎቱን ሊያደኸይ ነው አለ። አጎቴ አልሳቁም። በወጣትነታቸው መርሳ ላይ በሰዓት እየተከራዩ ሳይክል ነድተዋል፤ ሚዛን አይረሳም። ሽርጣቸውን አውልቀው ሱሪ ለብሰው ወጡ፤ ደህናውን እግር ፔዳል ላይ፣ የታመመውን ባዘጋጀሁለት ብረት ላይ አሳረፉ፣ «ቢስሚላህ» አሉ፤ ሄዱ።

የቦዩ ዳር መንገድ ወደ ላይ ነው። ወጣት እንኳ ሲወጣው እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል። ሰባ የቀረባቸው ሰውዬ ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ ዱላቸውን በጉያቸው ይዘው፣ በማንጎዎቹ መሃል እንደ ጥላ ሽቅብ ሄዱ። የሚሰማው ጎማው የሚረግጠው የደረቀ ቅጠል ብቻ ነበር። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ እያንዳንዱን ገመድ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ፀጉሬ ቆመ።

ሲመለሱ ወርደው እጃቸውን ሞተሩ ላይ አኖሩ፤ ለብ ብሏል።

«አያልበውም እንዴ?» አሉኝ።

መስኖው በተጀመረበት ቀን የረፋዱ ተራ ከአስፋልቱ ዳር ያለችው ሴት ነበር። ባሏ ሞቶባታል፤ የሽንኩርት ችግኙን ካዛወረች ገና ሁለት ቀኗ ነው፣ ውኃ ካጣ ይጠወልጋል። አጎቴ የላዩን በር ዘጉና ሳይክሉ ላይ ወጥተው ቁልቁል ሄዱ። እኔ በእግሬ እየሮጥኩ ተከተልኩ። ስደርስ ዱላቸው በማሳዋ በር ላይ ተተክሏል፣ ጥላቸው ተለክቷል፣ እሳቸው ማንጎ ሥር ተቀምጠዋል። እኔም ደስ ብሎኝ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ማናችንም ቦዩን አላየንም።

ጥላው በአራት እግር ሲያጥር ተነስተው በሩን ዘጉ። ሴትዮዋ ከማሳዋ ጫፍ መጣች። እጇ ላይ ያለው አፈር ዱቄት ነበር። አራት መደብ ሳይጠጣ ቀርቷል።

«አባባ» አለች፣ «ዛሬ ውኃው ነው የሰነፈው ወይስ አንቱ ነዎት የፈጠኑት?»

አጎቴ ዱላውን አዩ። ቦዩን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። የገባኝ የእሳቸውን ፊት ሳይ ነው። ከኔ ዕድሜ በሚበልጥ ዘመን ሁሉ በሩን ከዘጉ በኋላ ከውኃው ጎን ለጎን ሲሄዱ ኖረዋል። ደረቅ ቦይ እየጠጣ ስለሚያዘገየው፣ ውኃው የሚሄደው በሰው እርምጃ ነው። እኩል ይደርሳሉ፤ ዱላው የሚተከለውም ያኔ ነው። ዛሬ ግን እሳቸው ደርሰው ተራዋን ሲጀምሩ፣ ውኃው ገና ከላይ ከስንጥቅ ጋር ይታገል ነበር። ለሴትዮዋ የተለካው ጥላ ባዶ ቦይ ላይ አጠረ።

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩን በሸፋፈነ። እሳቸው በማግስቱ የራሳቸውን ተራ ለሴትዮዋ ሰጡ፤ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመው ጥፋታቸውን ራሳቸው ተናገሩ። አንዱ ሽማግሌ፣ አምና ዘገዩ ብለን ከሰስናቸው፣ ዘንድሮ ቀደሙ ብለን ልንከስ ነው እንዴ ብለው አሳቁ። ሁሉም ግን አልሳቀም፤ ሳይክሉም ሰውየውም ይበቃቸዋል ያሉ ነበሩ። ብዙ ከተባባሉ በኋላ አንድ ተራ ተፈቀደላቸው። የቦዩ ጫፍ ያለው ማሳ ጠጣሁ ካለ የውኃ አባትነታቸው ይጸናል፤ አልጠጣሁም ካለ ሌላ ሰው ይመረጣል። ሁለት ምስክሮችም ተመደቡ። አጎቴ አንድ ነገር ብቻ ጨመሩ፤ ከእንግዲህ ዱላው ሳይረጥብ አይተከልም።

ተራው በደረሰ ቀን አጎቴ የላዩን በር ዘግተው ወረዱ፤ ከሴትዮዋ በር ላይ ሆነን ጠበቅን። ምስክሮቹ ከማዶ ተቀምጠዋል። ቦዩ ደረቅ ነው፤ ታችኛው አፈር እንደ ተሰበረ ሸክላ ተሰነጣጥቋል። አጎቴ ሳይክሉን ተደግፈው ወደ ላይ ይመለከታሉ።

«እኔ የማውቀው ከጎኑ ሆኜ ነው» አሉኝ። «ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ሲመጣ አይቼው አላውቅም።»

መጀመሪያ የመጡት ጉንዳኖች ናቸው፣ እንቁላላቸውን ተሸክመው። ቀጥሎ ፌንጣዎች፣ አንድ እንቁራሪት፣ ስሙን የማላውቀው ጥቁር ጢንዚዛ። ከዚያ የረጠበ አቧራ ሽታ ደረሰን። ውኃው የመጣው ከሁሉም በኋላ ነው። ግንባሩ ላይ አረፋ፣ ጭድ፣ የማንጎ ቅጠልና የፍየል በጠጥ ተሸክሞ፣ መንገዱን በእጁ እየዳሰሰ እንደሚሄድ ማየት የተሳነው ሰው መጣ። ስንጥቅ ሲያገኝ ይቆማል፤ አፈሩ ሲጠጣ ጠስ ጠስ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይሞላና አንድ ክንድ ይራመዳል። ያ ሁሉ ማሳ፣ ያ ሁሉ ሙግት፣ የሰው ጉልበት ማለቅ፣ የእኔ አርባ ባትሪ ለዚህ ቀጭን ቡናማ ነገር ነበር። ትንፋሼን ይዤ ነበር። አጎቴም ይዘው ነበር መሰለኝ፤ ሲደርስ ሁለታችንም ባንድ ላይ ተነፈስን።

ዱላቸውን ዝቅ አድርገው ጫፉን አስነኩት። ረጠበ። ተከሉት፣ በሩን ከፈቱ፣ ጥላቸውን ለኩ።

ጥላው በአራት እግር ሲያጥር ዘጉ። ሴትዮዋ ጫማዋን አውልቃ በመደቦቹ መሃል ወደ ማሳዋ ጫፍ ሄደች። ከመጨረሻው መደብ ላይ ጎንበስ ብላ እጇን አፈሩ ውስጥ ከተተች። እስከ አንጓዋ ገባ። ሳትቸኩል ተነሳች፤ የተናገረችው ለእኛ አልነበረም፣ ለምስክሮቹ ነው።

«ጠጥቷል» አለች።

ምስክሮቹ ልብሳቸውን አራግፈው ተነሱ። አጎቴ አላዩዋቸውም፤ ሳይክሉን አዙረው ኮርቻው ላይ ወጥተዋል። ቀጣዩ ባለ ተራ ከላይ ይጠብቃቸው ነበር።